ፋብሪካ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ያለን ሙዚየም እንደ አዲስ ማደራጀት፦ ከዳሰሳ እስከ መክፈቻ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በቀድሞ ፋብሪካ፣ በባቡር ዎርክሾፕ፣ በወፍጮ ቤት ወይም በኃይል ማመንጫ ሕንፃ ውስጥ ያለን ሙዚየም እንዲያድሱ ኃላፊነት ለተሰጣቸው የሙዚየም ኃላፊዎች፣ የባህል ቢሮ ባለሙያዎችና መሐንዲሶች ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በተደጋጋሚ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው። ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ የመስታወት ሣጥን ይገዛል፣ የመክፈቻው ቀን በአደባባይ ይነገራል፤ ከዚያ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስሳል፣ ዋናው ማሽን በአዲሱ በር አይገባም፣ ወለሉም ክብደቱን አይችልም። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተጻፉበት ተራ ይከተሉ።

በምሳሌነት የምንመለስበት በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ፣ በደርዌንት ወንዝ ዳር ያለው የቀድሞ የሐር ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1721 ተጠናቀቀ፤ በ1910 አብዛኛው ክፍሉ በእሳት ወድሞ እንደገና ተሠራ፤ በ1974 የኢንዱስትሪ ሙዚየም ሆነ፤ በ2011 ተዘግቶ በ2021 በአዲስ መልክ ተከፈተ። ከአገራችን ደግሞ የድሬዳዋውን የምድር ባቡር ዎርክሾፕ እናነሳለን፤ እዚያ ያሉት አሮጌ ማሽኖችና የሕንፃው ጠባይ ከዚህ መመሪያ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ናቸውና።

ከመጀመርዎ በፊት መሟላት ያለባቸው

ሰዎች፦ በአሮጌ ሕንፃ ላይ የሠራ የመዋቅር መሐንዲስ፣ የቅርስ ጥገና ባለሙያ፣ የክምችት መዝገብ ኃላፊ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ እንዲሁም በዚያው ፋብሪካ ያገለገሉ ቢያንስ ሁለት ጡረተኞች ያስፈልጋሉ። ጡረተኞቹን ለክብር ብቻ አይጥሯቸው፤ የአበል ውል ይግቡላቸውና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሥራው ያሳትፏቸው። የትኛው ቱቦ የት እንደሚሄድ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፈቃድ፦ በኢትዮጵያ ውስጥ ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ማመልከቻውን ከንድፉ ጋር ቀድመው ያስገቡ። ፈቃድ ሳይኖር የተጀመረ ሥራ ሊታገድ ይችላል፤ ክፍት ጣሪያ ይዞ የታገደ ሕንፃ ደግሞ በአንድ ክረምት የማይጠገን ጉዳት ይደርስበታል።

ገንዘብ፦ ከጠቅላላው በጀት ወደ 20 በመቶ የሚጠጋውን ለመጠባበቂያ ይያዙ። በአሮጌ ፋብሪካ ወለል ሲነሳ ማንም ያላሰበው ጉድጓድ፣ የዘይት ማጠራቀሚያ ወይም የማሽን መሠረት መገኘቱ የተለመደ ነው። መጠባበቂያውን ለማሳያ ዕቃ መግዣ አያውሉት።

ደረጃ 1፦ ሕንፃውን በዝናብ ይመርምሩ

ምርመራውን በበጋ ብቻ አይጨርሱ። ኃይለኛ ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔና ካሜራ ይዘው በሕንፃው ውስጥ ይዙሩ። የረጠበውን ቦታ ዙሪያውን በጠመኔ ያስምሩ፤ ቀኑንም እዚያው ይጻፉ። በሚቀጥለው ዝናብ ምልክቱ ምን ያህል እንደሰፋ ማየት ይችላሉ።

በተለይ የሚከተሉትን ይመልከቱ።

1. በሁለት ጣሪያዎች መካከል ያሉ አሸንዳዎች። የፋብሪካ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ተደጋጋሚ ጥርስ ያለው በመሆኑ ውሃው መሃል ላይ ይጠራቀማል፤ አሸንዳው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ወደ ውስጥ ይገለበጣል።

2. የብረት ምሰሶዎች እግር። በአንዳንድ አሮጌ ፋብሪካዎች ክፍት ሆድ ያላቸው የብረት ምሰሶዎች የጣሪያውን የዝናብ ውሃ በውስጣቸው ወደ መሬት ያወርዳሉ። የምሰሶው እግር ቡናማ ውሃ የሚያነባ ከሆነ ወይም ዙሪያው ያለው ወለል ከተነሳ፣ ምሰሶው ከውስጥ እየዛገ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲሱ የብረቱን ውፍረት ሳይለካ በላዩ ላይ ምንም ጭነት አይጨምሩ።

3. ስንጥቆች። ስንጥቁን አቋርጦ ትንሽ መስታወት በጀሶ ይለጥፉና ቀን ይጻፉበት። መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ በልስን አይደፈንም፤ መንስኤው መጀመሪያ ይገኝ።

4. የጎርፍ ከፍታ። ፋብሪካዎች ለውሃ ሲባል ወንዝ ዳር ይተከሉ ነበር፤ አደጋውም አብሮ ይኖራል። የደርቢው ሙዚየም ከታደሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በወረደው ከባድ ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ምድር ቤቱ ገብቷል። የድሬዳዋ ነዋሪም በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰውን እልቂት አይረሳም። የአካባቢውን አዛውንቶች ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ይጠይቁ፤ ያሉትንም ከፍታ በግድግዳው ላይ በቋሚ ምልክት ያኑሩ። ከዚህ በኋላ በሚመጡት ደረጃዎች ሁሉ ይህ ምልክት ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 2፦ አደገኛ ነገሮችን ይለዩ

ሠራተኛ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ይህ ደረጃ ያልቅ።

አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ክር መሰል ማዕድን) በእንፋሎት ቱቦ መጠቅለያ፣ በቦይለር ሽፋን፣ በሞገዳማ የጣሪያ ክዳን፣ በአሮጌ የባቡር ፍሬን ሸራና በጋስኬት ውስጥ ሊኖር ይችላል። በዓይን መለየት ስለማይቻል በላብራቶሪ እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳለ ይቁጠሩት። የአሮጌ ትራንስፎርመርና ካፓሲተር ዘይት መርዛማ ኬሚካል ሊይዝ ስለሚችል ሳይመረመር አይደፋ፣ አይቃጠል፣ ለማንም አይሰጥ። አሮጌ ቀለም እርሳስ እንዳለበት ይገምቱ፤ በእሳት አይላጥ፣ በደረቁም በብርጭቆ ወረቀት አይፈግ። ጣሪያ ስር የተከማቸ የሌሊት ወፍና የርግብ ኩስ ሳንባ የሚጎዳ ፈንገስ ሊኖረው ስለሚችል ውሃ ሳይረጭበትና ሠራተኛው ተገቢ የመተንፈሻ ጭምብል ሳያደርግ አይጠረግ።

ስህተት ቢፈጠር፦ አስቤስቶስ የተጠረጠረ ነገር ከተሰበረ ሁሉም ሰው ክፍሉን ለቅቆ ይውጣ፤ በሩ ይዘጋ። በመጥረጊያም ሆነ በተራ የአቧራ መምጠጫ አይሞክሩ፤ ሁለቱም ብናኙን በአየር ላይ ይበትኑታል። የለበሱትን ልብስ በላስቲክ ከረጢት ይጠቅልሉና ባለሙያ ይጥሩ።

ደረጃ 3፦ ክምችቱን ይመዝግቡ፣ ከዚያ ያንቀሳቅሱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደውና ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። በፋብሪካ ሙዚየም ውስጥ ዕቃውና የቆመበት ቦታ አንድ ላይ አንድ ቅርስ ናቸው። አንድ ማሽን ከቀበቶው፣ ከሞተሩና ከመሣሪያ መደርደሪያው ተለይቶ ሲወጣ ትርጉሙ ግማሽ ይሆናል፤ ቦታው ካልተመዘገበ ደግሞ መልሶ መትከል አይቻልም።

1. የሕንፃውን ወለል በካሬ ይከፋፍሉ፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ፊደልና ቁጥር ይስጡ።

2. ማንኛውንም ዕቃ ከመንካትዎ በፊት ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱት፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ መለኪያ ዘንግና የዕቃው ቁጥር ይታይ።

3. ቁጥሩን ሲጽፉ በብረቱ ላይ አይጫሩ፣ ምስማር አይምቱ፣ ተለጣፊ ወረቀትም አይጠቀሙ። በማይታይ ቦታ ትንሽ የፓራሎይድ ቢ-72 (የቅርስ ጠጋኞች ግልጽ ሙጫ) ሽፋን ይቀቡ፤ ሲደርቅ በማይለቅ ቀለም ቁጥሩን ይጻፉ፤ በላዩ ሌላ ስስ ሽፋን ይድገሙ። ሲያስፈልግ በአሴቶን ይለቅቃል። ይህ ካልተገኘ ቁጥር የተጻፈበት የጨርቅ መለያ በጥጥ ገመድ ይሠሩ።

4. የአጠቃቀም አሻራዎችን ይመዝግቡ። የቶርኖ ማሽን ሲመዘግቡ በአምራቹ የነሐስ ሰሌዳ ላይ አያቁሙ። እጀታው በመዳፍ ብዛት የለሰለሰበትን፣ በማሽኑ አልጋ ጠርዝ ላይ ሠራተኛው በሞረድ የቆረጠውን የልክ ምልክት፣ በመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ በጠመኔ የተጻፈውን ቁጥር፣ ከሥሩ ባለው ሣህን ውስጥ ከደረቀ ዘይት ጋር የተጋገረውን የብረት ቁርጥራጭ ሁሉ ፎቶ ያንሱ። እነዚህ በአንድ ቀን የ“ጽዳት” ዘመቻ ይጠፋሉ፤ ከጠፉ በኋላ ማሽኑ በየትኛውም የዓለም ክፍል ካለ መሰሉ አይለይም። የጽዳት ሠራተኞች የጥገና ባለሙያው ሳይኖር ወደ ማሽኖቹ እንዳይቀርቡ በጽሑፍ ያዝዙ።

5. ጡረተኞቹን ማሽኑ አጠገብ አቁመው ድምፃቸውን ይቅዱ። ቢሮ ውስጥ የተደረገ ቃለ መጠይቅ አጭርና ጥቅል ይሆናል፤ እጁን በማሽኑ ላይ ያሳረፈ ሰው ግን የትኛው ጊር ያስቸግር እንደነበር፣ አደጋ የት እንደደረሰ፣ ፈረንጁ አለቃ ምን ይል እንደነበር ሳይጠየቅ ይናገራል። በድሬዳዋ ያሉት አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ብዙ የሙያ ቃላትን በፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ ቃላቱን እንዳሉ ይመዝግቡ፣ አይተኩ።

6. ዕቃዎቹን በሦስት ይክፈሉ፦ በቦታቸው የሚቆዩና የሚሸፈኑ፣ ወደ ጊዜያዊ ማከማቻ የሚሄዱ፣ ተጨማሪ ጥናት የሚሹ። በዚህ ጊዜ “የሚወገድ” የሚባል አራተኛ ክፍል አይክፈቱ። ስሙ ያልታወቀ ብረት ሁሉ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ጨረታ የሚሄደው በዚህ በር ነው፤ ከወራት በኋላም የዋናው ማሽን አካል እንደነበር ይታወቃል።

በቦታው የሚቀረውን ማሽን መጀመሪያ አየር በሚያስተላልፍ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ በእንጨት ሣጥን ይሸፍኑ። በላስቲክ ብቻ የተጠቀለለ ብረት ከሥሩ ላብ ይዞ ይዝጋል።

ስህተት ቢፈጠር፦ መለያው የጠፋ ዕቃ ካገኙ በግምት ወደ ቦታው አይመልሱት። ጊዜያዊ ቁጥር ይስጡት፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን ይጻፉ፣ ከቀደሙት ፎቶዎች ጋር ያነጻጽሩት።

ደረጃ 4፦ ወለሉ ምን ያህል እንደሚችል ያረጋግጡ

ፋብሪካ ስለሆነ ጠንካራ ነው ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። ወለሉ የተሠራው በታወቀ ቦታ ለሚቆም ማሽን ነው፤ የሙዚየም ጎብኚ ግን በአንድ ጥግ በብዛት ይሰበሰባል። ሕዝብ ለሚሰበሰብበት አዳራሽ መሐንዲሶች በተለምዶ በካሬ ሜትር ወደ 500 ኪሎ ግራም ይይዛሉ። በድሮው ንድፍ ብቻ አይተማመኑ፤ ናሙና ተወስዶ ይመርመር።

ወለሉ ካልቻለ ሦስት ምርጫዎች አሉ፤ በዚህ ተራ ይሞክሯቸው፦ ከባዱን ዕቃ ወደ ምድር ቤት ማውረድ፤ ክብደቱን በብረት ተሸካሚዎች ወደ ምሰሶዎች ማሰራጨት፤ በመጨረሻም ወለሉን ማጠናከር። ሦስተኛው ውድ ነው፤ የሕንፃውንም መልክ ይለውጣል።

ግድግዳ ወይም ወለል መቁረጥ ግዴታ ከሆነ፣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የተደረገውን ያስታውሱ። እዚያ የእህል ማከማቻ ጎተራው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት፣ መሃል ያሉትን የኮንክሪት ቱቦዎች ከመቁረጣቸው በፊት ከውስጥ በአዲስ ኮንክሪት አጠናክረዋቸዋል። ማጠናከሩ ይቀድማል፣ መቁረጡ ይከተላል።

ደረጃ 5፦ ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ግድግዳ

ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሂድ። ጣሪያና አሸንዳ ሳያልቅ የውስጥ ልስን አይጀመር። ጣሪያውን በአንድ ጊዜ አይግለጡ፤ በዚያው ቀን መክደን የሚችሉትን ያህል ብቻ ይክፈቱ፤ ሸራውም ከሥራው በፊት በቦታው ይገኝ።

በድንጋይና በጡብ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አይጠቀሙ። አሮጌው ግድግዳ የተገነባው በኖራ ከሆነ እርጥበቱን የሚተነፍሰው በመገጣጠሚያው በኩል ነው፤ ሲሚንቶ ይህን ሲዘጋ እርጥበቱ በጡቡ በኩል ይወጣና ጡቡ ይፈረፈራል። መገጣጠሚያውን ሲያጸዱ ጥልቀቱ የስፋቱን እጥፍ ያህል ይሁን፤ በእጅ መሮ ይሥሩ፣ በግራይንደር አይሥሩ፤ ግራይንደሩ የጡቡን ጠርዝ ይበላል። አዲሱን የኖራ ሥራ ከፀሐይ ከልለው፣ በረጠበ ኬሻ ሸፍነው ለተከታታይ ቀናት እርጥብ ያቆዩት።

ስህተት ቢፈጠር፦ ኖራው ከተሰነጣጠቀ ቶሎ ደርቋል ማለት ነው፤ ውሃ ረጭተው ገና ለስላሳ እያለ መልሰው ይጫኑት። ቀድሞ በሲሚንቶ የተደረገ ጥገና ካጋጠመዎ በትንሽ ቦታ ይሞክሩ፤ ሲሚንቶው ሲነሳ ጡቡን ይዞ የሚወጣ ከሆነ ይተዉት።

ደረጃ 6፦ ትልልቆቹን ዕቃዎች በሩ ሳይዘጋ ያስገቡ

በደርቢ ለግዙፍ አውሮፕላን የሚሠራ የሮልስ ሮይስ ትሬንት 1000 ሞተር በመግቢያው አዳራሽ ጎብኚ አናት በላይ ተሰቅሏል። እንዲህ ያለ ዕቃ አዳራሹ ካለቀ በኋላ የሚታሰብ አይደለም፤ መስቀያው ከመዋቅሩ ንድፍ ጋር አብሮ ይወለዳል።

የዕቃውን ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመትና ክብደት ከማንሻውና ከጋሪው ጋር ደምረው ይለኩ። በዚያው ልክ ቀላል የእንጨት ክፈፍ ይሥሩና ሙሉውን መንገድ ከበር እስከ መትከያው ያሳልፉት። ክፈፉ የሚነካበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግቡ። ወለሉን በወፍራም ላሜራ ይሸፍኑ። ማንሻውን በማሽኑ ዘንግ ወይም በእጀታው ላይ አያስሩ፤ ለመነሻ የተሠሩትን ቀዳዳዎች ጡረተኞቹ ያሳዩዎታል።

ስህተት ቢፈጠር፦ ዕቃው መሃል ላይ ከተጣበቀ በመኪና አይሳብ። በክሪክ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ከሥሩ ግንድ ያስገቡ፣ ሰው ከዙሪያው ያርቁ፣ ከዚያ በእርጋታ ወደ መጣበት ይመልሱ።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪክ፣ እሳት፣ መዳረሻ

የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎችንና ሶኬቶችን በደረጃ 1 ካኖሩት የጎርፍ ምልክት በላይ ይትከሉ። ገመዶቹን በአሮጌዎቹ የቱቦ መስመሮች ይምሩ፤ የብረት ምሰሶ አይብሱ።

በእድሳት ላይ ያለ ሕንፃ ለእሳት ከምንጊዜውም በላይ የተጋለጠ ነው። ብየዳና ብረት ቆረጣ በጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይሠራ፤ ማጥፊያ የያዘ ሰው አጠገብ ይቁም፤ ሥራው ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለ60 ደቂቃ ቦታውን ሳይለቅ ይጠብቅ። ዘይት የጠጣ አሮጌ የእንጨት ወለል ጭስ ሳያሳይ ለረጅም ጊዜ ይረመጣል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ብየዳ ባይጀመር ይመረጣል፤ ሕንፃው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት የሚነሳ እሳት ነው የሚያወድመው። ጎረቤትንም አይርሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የደርቢን ፋብሪካ የበላው እሳት የተነሳው አጠገቡ ካለው የዱቄት ፋብሪካ ነው።

ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ የበሩ ክፍት ስፋት ከ90 ሴንቲ ሜትር አይነስ።

ደረጃ 8፦ ማሳያውን ያዘጋጁ

አሁን ብቻ ነው ወደ መስታወት ሣጥኑ የሚደርሱት። የአዲስ ኤምዲኤፍና የቺፕውድ (ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ የተጨመቁ ጣውላዎች) ትነት በተለይ እርሳስንና ነሐስን ስለሚበላ ሣጥኑን በብረትና በመስታወት ማሠራት ይመረጣል፤ የተቀባ ሣጥንም ቢያንስ ለአራት ሳምንት ተከፍቶ ይናፈስ። ለወረቀትና ለጨርቅ መብራቱ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይብለጥ። ብረት ባለበት ክፍል የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ቢሆን መልካም ነው፤ ከቁጥሩ በላይ ግን በፍጥነት አለመለዋወጡ ይጠቅማል።

ሁሉንም ዕቃ በማከማቻ ከመደበቅ በመደርደሪያ ማሳየትን ያስቡበት። በደርቢ ወደ 30,000 የሚጠጉ ዕቃዎች በተሠሩበት ቁስ፣ ማለትም በብረት፣ በእንጨት፣ በጨርቅና በመሰል ተከፋፍለው ለእይታ ቀርበዋል። ለአገራችን ሙዚየሞች ይህ አካሄድ ተስማሚ ይመስለኛል፤ የማከማቻ ክፍል እጥረት ባለበት ቦታ የተደበቀ ዕቃ የተረሳ ዕቃ ነው።

መግለጫዎቹን የአካባቢው ሰው በሚናገራቸው ቋንቋዎች ይጻፉ፤ ድሬዳዋ ከሆነ ከአማርኛ ጋር አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ሊቀሩ አይገባም። የሚንቀሳቀስ ማሽን ካለ መከለያና ድንገተኛ ማቆሚያ ይደረግለት፤ በሠለጠነ ሰው ብቻ ይነሳ።

ደረጃ 9፦ በሙከራ ይክፈቱ

ከይፋዊው መክፈቻ በፊት የፋብሪካውን ጡረተኞች ከነቤተሰባቸው፣ ተማሪዎችን፣ አካል ጉዳተኞችንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን በተለያየ ቀን ይጋብዙ። የት እንደቆሙ፣ የት እንደተጨናነቁ፣ የትኛውን ጽሑፍ ሳያነቡ እንዳለፉ ይመዝግቡ። ጡረተኞቹ “ይህ ማሽን ፊቱን አዙሯል” ካሉ የደረጃ 3ን ፎቶ አውጥተው ያረጋግጡ፤ ከተሳሳተ ከመክፈቻው በፊት ይታረም። በሕንፃው ሙሉ አቅም የመውጫ ልምምድ ያካሂዱ፤ ምድር ቤቱን ከጎርፍ ቀድሞ ባዶ የማድረግ ልምምድም ይጨምሩ፤ ማን የትኛውን ዕቃ በየትኛው መወጣጫ ደረጃ እንደሚያወጣ በስም የተጻፈ ዝርዝር በግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ከተቋራጩ ጋር በተገባው ውል ውስጥ የመጨረሻው ክፍያ ሕንፃው አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ እንዲለቀቅ ይስማሙ። በዚያ ክረምት የደረጃ 1ን ምርመራ በዚያው መንገድ፣ በዝናቡ መሃል፣ በጠመኔና በካሜራ ይድገሙት፤ የተገኘውን ጉድለት ዝርዝርም ክፍያው ከመለቀቁ በፊት ለተቋራጩ በጽሑፍ ያድርሱ።